ሰላምታን በአዋጅ

ሥርዓት ሲለወጥ ሰንደቅ ዓላማው፣ የጎዳናው ስምና የገንዘቡ መልክ አብረው ይለወጣሉ። አንዳንድ ገዥዎች ግን በዚህ ብቻ አይረኩም፤ ሰውና ሰው ሲገናኝ የሚባባለውንም ለማረም ይነሣሉ። ሐሳባቸው መሠረት የለውም አይባልም። ባርኔጣውን የሚያነሣው፣ ከመቀመጫው ብድግ የሚለው፣ «አንቱ» እያለ የሚናገረው ማን እንደሆነ ያየ ሰው የአገሩን የማዕረግ መሰላል ያውቃል። ስለዚህ ሰላምታውን ከቀየርን ሰውን ቀየርን ይላሉ። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሰላምታ የሚጸናው ተናጋሪው ሲፈልገው እንጂ ባለሥልጣን ስላዘዘ አይደለም።

የፈረንሳይ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1793 «ሙሴ» እና «ማዳም» መባባል ቀርቶ ሁሉም «ዜጋ» እንዲባል፣ በአክብሮቱ «ቩ» ፋንታም የእኩያው «ቱ» እንዲነገር ገፋፉ። ያን ጊዜ በፓሪስ አንቱታ የንጉሡን ዘመን ናፋቂ ያሰኝ ነበር። ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ የነበረው ሮቤስፒየር በቀጣዩ ዓመት ከወደቀ በኋላ ግን «ቩ» ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያኖች ለአክብሮት የሚሉትን «ሌይ» ባዕድና የሎሌነት ጠባይ ያለበት ነው በሚል አስነቅፎ በ«ቮይ» እንዲተካ ዘመቻ አስከፈተ፤ በመጨባበጥ ፈንታም ክንድ ዘርግቶ የሮማ ሰላምታ መስጠት ተሰበከ። «ሌይ» የተባለ የሴቶች መጽሔት እንኳ፣ ስሙ «እሷ» ለማለት የወጣ ሆኖ ሳለ፣ «አናቤላ» ተብሎ መታተም ግድ ሆነበት። ፋሽስቶቹ ሲወድቁ አብዛኛው ጣሊያናዊ ወደ «ሌይ» ተመለሰ። «ቮይ» በደቡብ ዛሬም ይሰማል፤ እዚያ ግን ከሙሶሊኒ በፊትም ነበረ።

የእኛም አገር ምስክርነት ከዚህ አይለይም። በደርግ ዘመን ሚኒስትሩም የቀበሌ ሊቀመንበሩም «ጓድ» ይባል ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲፈርስ መጠሪያው ከመሥሪያ ቤትና ከስብሰባ ጠፋ። «ጓድ» በነገሠበት ጊዜም ቢሆን አንቱታው አልተነካም። ሬዲዮው «ጓድ ሊቀመንበር» ብሎ ከጀመረ በኋላ «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ» እያለ ይቀጥል ነበር። የእኩልነቱ መጠሪያ ከፊት ቢቀድምም ማዕረጉ በግሡ ላይ እንዳለ ነበር።

ማንም ሳያስገድደው የተስፋፋው ሰላምታ በስልክ የመጣው ነው። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ስልክ ሲነሣ የመርከበኞቹ ጥሪ «አሆይ» እንዲባል ይወድ ነበር፤ ቶማስ ኤዲሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1877 በጻፈው ደብዳቤ «ሄሎ» ይሻላል አለ። የስልኩ ባለቤት ቤል ቢሆንም ያሸነፈው «ሄሎ» ነው፤ በብዙ ቋንቋዎችም እንደየአፉ ገባ። አማርኛም «ሃሎ» ብሎ የተቀበለበት ምክንያት አለው። «እንደምን አደርክ»፣ «አደርሽ» ወይም «አደሩ» ለማለት ፊት ለፊት ያለው ወንድ ይሁን ሴት፣ ታናሽ ይሁን ታላቅ መታወቅ አለበት። በሽቦው ማዶ ያለው ሰው ደግሞ አይታይም። «ሃሎ» ይህን ችግር አቃለለ፤ ሰውዬው ከታወቀ በኋላ ግን የቆየው ሰላምታ እንደ ወትሮው ይቀጥላል።

ለዚህ ክርክር የስዊድን ነገር መቃወሚያ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ብሮር ሬክሴድ የተባሉ የጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ «አንተ» እንደሚሉና እሳቸውም እንዲሁ እንዲባሉ አስታወቁ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩ በሙሉ ማለት ይቻላል «አንተ» ተባባለ። ለውጡ ከላይ መጥቶ ጸና ማለት ነው? አይደለም። ስዊድናውያን ከዚያ በፊት የበላያቸውን ፊት ለፊት እያናገሩ እንኳ «ዳይሬክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» እስከማለት በማዕረግ መጥራት ነበረባቸው፤ የሰውየውን ማዕረግ የማያውቅ ደግሞ አፉ ይያዝ ነበር። በየሥራ ቦታው «አንተ» መባባል አስቀድሞ ተጀምሯል። ሬክሴድ የሄዱት ሰው በጀመረው መንገድ ነው፤ የማይከተላቸውን የሚቀጣ ሕግም አላስፈለጋቸውም።

እርግጥ ሥልጣን አፍን ለጊዜው ሊገራ ይችላል፤ ፓሪስም ሮማም አዲስ አበባም ይህን አይተዋል። ጉልበቱ ሲነሣ ግን ሰው ወደሚመቸው ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ አንቱታ ይቅር ወይም ይጠበቅ እያሉ የሚሟገቱ ሁሉ ከመመሪያ ብዙ አይጠብቁ፤ ፍርዱን የሚሰጡት በየቤቱና በየሥራ ቦታው የሚነጋገሩት ሰዎች ናቸው።