የሽጉጥ ጥይት ልክ ምርጫ በኢትዮጵያ ታሪክ፤ ከሙዱላ አንጻር ሲታይ

፩. መግቢያ

በከተማዎቻችን ወጣቶች መካከል የመሣሪያ ወሬ በተነሣ ቍጥር ሳይጠየቅ የማይታለፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ራስን ለመከላከልና ዘወትር ይዞ ለመሄድ የትኛው ቍጥር ሽጉጥ ይሻላል?» የሚለው ነው። አንዱ ሰባት ከስድሳ አምስትን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ዘጠኝን ያስቀድማል፤ ሦስተኛው ደግሞ አርባ አምስት ካልሆነ ሽጉጥ አይባልም ብሎ ይከራከራል። ነገሩ የአንጥረኛና የወታደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የታሪክ ጥያቄ አድርገን ልንመረምረው አስበናል። ምክንያቱም ሰው የሚታጠቀውን የጥይት ልክ የሚመርጠው በገዛ ፈቃዱ ብቻ አይደለም፤ የንግድ መንገድ፣ የመንግሥታት ውል፣ የማዕርግ ልማድና ሕግ አስቀድመው መርጠውለት ይገኛሉ።

ለምርመራችን መነሻ ያደረግነው ሙዱላን ነው። ሙዱላ ከዱራሜ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው አገር ላይ የምትገኝ የጠምባሮ ከተማ ናት። የመረጥናትም የመሣሪያ ፋብሪካ ወይም የታላቅ ጦርነት ስፍራ ስለ ሆነች አይደለም። የከምባታና የሐዲያ ምድር መሣሪያ የያዘና ያልያዘ ሰው ጐን ለጐን የኖሩበትን ታሪክ በግልጽ ከሚያሳዩት አገሮች አንዱ ስለ ሆነ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የአገራችንን ታሪክ በኢትዮጵያ፣ የውጭውን ደግሞ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) አስቀምጠናል።

፪. ስለ ስሙ

ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋችን ራሱ የሚሰጠውን ምስክርነት እንመልከት። ወደ አገራችን የገቡት ጠበንጃዎች ስማቸውን ያመጡት ከሠሪያቸው ወይም ከመጡበት አገር ነው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ውጅግራ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው፤ ለበን ሌበል ነው፤ ምንሽር ማንሊኸር ነው፤ በልጅግም ከቤልጅግ የመጣው ነው። ሽጉጥ ግን የውጭ ስም አልያዘም። «ሸጐጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በልብስ ውስጥ የሚሸጐጥ፣ የሚደበቅ ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንረዳለን። ባለ አማርኛው ሰው አጭሩን መሣሪያ ባየ ጊዜ መጀመሪያ ያስተዋለው የአፈ ሙዙን ስፋት አልነበረም፤ አያያዙን ነው። በጋቢና በበርኖስ ሥር ሊታይ አለመቻሉ ስሙ ሆነለት። ዛሬ «ዘወትር ለመያዝ የሚመች» የሚባለው ነገር በስሙ ውስጥ ከጥንት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

፫. የጠበንጃው ዘመንና የጥይት ነገር

ስለ ሽጉጥ ከመናገራችን በፊት ስለ ጠበንጃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በኢትዮጵያ በብዛት የታወቀው ውጅግራ አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። ባሩዱ ጥቍር፣ አረሩም ከባድ ነበር። የአገራችን ሰው ይህን ልክ የያዘው ከሌሎቹ ጋር አወዳድሮ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 የ8 ሚሊ ሜትሩን ሌበል ስትቀበል አሮጌው ግራ ለሽያጭ ወጣ፤ ከዚያም በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል በርካሽ ገባ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ ጦር እንኳ አብዛኛው አዲሱን 6.5 ሚሊ ሜትር ጠበንጃ ሳይሆን የ10.4 ሚሊ ሜትሩን ቬተርሊ ይዞ ነበር። ምርጫውን በዚያም በዚህም የወሰነው በመጋዘን የተገኘው ነገር ነው።

ጥይትም ከመሣሪያው ይልቅ የከበረበት ጊዜ ነበር። የውጅግራ ጥይት በብዙ ገበያ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ትሬዛ ብር ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። የተተኰሰውም ቀልህ ተለቅሞ እንደ ገና ባሩድና አረር ይሞላበት ነበር። እንግዲህ ለዚያ ዘመን ሰው «የትኛው ልክ ይሻላል?» ቢሉት፣ መልሱ «ጥይቱ በገበያ የሚገኘው» የሚል መሆኑ አያጠራጥርም።

በከምባታና በሐዲያ ምድር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ይህ አገር በ1880ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲገባ፣ የአገሩ ሰው በብዛት የታጠቀው ጦርና ጋሻ ነበር። ከጦሩ ጋር መጥቶ የሰፈረው ወታደር «ነፍጠኛ» ተባለ፤ ነፍጥ ማለት ጠበንጃ ነውና፣ ሰውየው በመሣሪያው ተጠራ። መሬቱን የሚያርሰው ደግሞ «ገባር» ሆነ። የመሬት ሥርዓቱ መልኩን እየለወጠ ቈይቶ የገጠርን መሬት የሕዝብ ባደረገው በአዋጅ ቍጥር 31 በ1967 ዓ.ም. ፈረሰ። ለጠምባሮ እንሰት ተካይ ለብዙ ዘመን የጥይት ልክ የባለቤትነት ጥያቄ አልነበረም፤ አፈ ሙዙን የሚያየው ከፊት ለፊት ነበርና። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ «ራስ መከላከል» የሚጽፍ ሰው፣ ማን ከማን ራሱን ይከላከል ነበር ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው።

፬. የሽጉጥ አገባብ

ሽጉጥ ወደ ኢትዮጵያ በመጀመሪያ የገባው በአብዛኛው የክብር ዕቃ ሆኖ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸው ያለፈበት ሽጉጥ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ገጸ በረከት ነበር። ከዚያም በኋላ ሽጉጥ የመኳንንትና የሹማምንት ትጥቅ ሆኖ ቈየ።

እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የነደፋቸውና በቤልጅግ የተሠሩት 7.65 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች በዓለም ተሠራጩ። ሽጉጡ ጠፍጣፋና ቀላል ስለ ነበረ በልብስ ውስጥ ይደበቃል። የእ.ኤ.አ. 1910 ብራውኒንግ ያለ ጥይት ክብደቱ 600 ግራም አይሞላም። የመሣሪያው ንግድ ግን ነጻ አልነበረም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የመሣሪያ ንግድን የሚመለከት ግዴታ ተቀብላለች። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በፓሪስ ስለ መሣሪያ አገባብ ውል ተፈራርማለች።

ከዚህ በኋላ በአገራችን የሽጉጥ ልክ የተለዋወጠው ከፖለቲካው ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. የመጣው የኢጣልያ መኰንን 9 ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት የሚጐርሰውን ቤሬታ ታጥቆ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲገባ የእንግሊዝ ተሽከርካሪ ሽጉጥ አብሮ መጣ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት በተፈረመ ጊዜ የአሜሪካ ጦር የሚታጠቀው አርባ አምስትን ነበር። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሶቭየት ኅብረት መሣሪያ ጋር ማካሮቭ መጣ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አራት መንግሥታት አራት ልክ አመጡልን። ሰውም በየጊዜው «የተሻለ» ብሎ ያመሰገነው በእጁ የገባውን ነው።

፭. የውጭው ዓለም ክርክር

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የተከራከሩት አሜሪካውያን ናቸው። በፊሊፒን ጦርነታቸው 0.38 ኢንች ተሽከርካሪ ሽጉጥ አጥቂውን ቶሎ አላቆመም የሚል ቅሬታ ተነሣ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1904 ቶምፕሰንና ላጋርድ የተባሉ ሁለት መኰንኖች በቺካጎ ቄራ በከብቶች፣ ደግሞም በሰው ሬሳ ላይ ፈተና አደረጉ፤ ከ0.45 ኢንች ያነሰ እንዳይያዝም መከሩ። እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበሉት ኮልት የዚህ ምክር ፍሬ ነው። ሆኖም ይኸው ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ።

የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ታሪክም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 በማያሚ ሁለት የቢሮው ሰዎች በተኩስ ሞቱ። ከወንበዴዎቹ አንዱ ቀደም ብሎ በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ተመትቶ ነበር፤ ጥይቱ ግን ክንዱን አልፎ ደረቱ ከገባ በኋላ ልቡ ሳይደርስ ቆመ። ቢሮው ወደ 10 ሚሊ ሜትርና ወደ 0.40 ኢንች ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የሥልጠና ክፍሉ፣ ጥይቱ ከተሻሻለ ወዲህ በእነዚህ ልኮች መካከል ያለው የቍስል ልዩነት እምብዛም እንደማይታይ ገልጾ 9 ሚሊ ሜትርን ደገፈ። ምክንያቱም በዚህ ልክ ሰው በተሻለ ፍጥነትና ትክክል ይተኩሳል የሚል ነው።

ጕዳዩን በራሳችን ምሳሌ ለመረዳት ውጅግራንና ኮልትን እናወዳድር። ኮልት አርባ አምስት 11.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከውጅግራ በጥቂቱ ይሰፋል። ነገር ግን የውጅግራ ጥይት ኀይል ወደ 2500 ጁል ሲሆን የኮልቱ ወደ 480 ጁል ነው፤ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤሉም ደግሞ ስፋቱ ቢያንስም ኀይሉ ከኮልቱ ጋር ይተካከላል። ማካሮቭ ወደ 300፣ 7.65 ብራውኒንግ ወደ 200 ጁል ናቸው። እንግዲህ የአፈ ሙዝ ስፋት ብቻውን ብርታትን አይናገርም። ማናቸውም የሽጉጥ ጥይት ሰውን የሚያቆመው የነካውን የአካል ክፍል በመጉዳት ስለ ሆነ፣ ከልኩ ይልቅ ያረፈበት ቦታና የዘለቀበት ጥልቀት ይበልጣል።

፮. «ዘጠኝ» የተባለው ሁሉ አንድ አይደለም

በአገራችን ሁኔታ ከዚህ ክርክር ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። «ዘጠኝ» ተብሎ የሚጠራው ጥይት ብዙ ዓይነት ነው። የቤሬታው አጭር ዘጠኝ ቀልሁ 17፣ የማካሮቭ 18፣ የፓራቤሉም 19፣ የእስፓንያው ረጅም ዘጠኝ 23 ሚሊ ሜትር ነው። የማካሮቭ አረር በውፍረቱም ከሌሎቹ ይለያል። እንግዲህ ከተለያየ መንግሥት በተለያየ ዘመን የመጡ ሽጉጦች ባሉበት አገር «ዘጠኝ ስጠኝ» ብሎ የሚገዛ ሰው፣ መሣሪያው የማይጐርሰውን ወይም በጐረሰ ጊዜ በእጁ ላይ የሚፈነዳውን ሊቀበል ይችላል። ወንድሞቻችን ስለ ልክ የሚከራከሩትን ያህል በቀልሁ ግርጌ ላይ ስላለው ምልክት ቢያውቁ ይበጅ ነበር።

ሁለተኛም የቤቶቻችንን አሠራር ማሰብ ይገባል። በሙዱላም ሆነ በብዙ ከተማ ቤቱ እንጨትና ጭቃ፣ ጐረቤቱም ቅርብ ነው። ዒላማውን የሳተ ጥይት በጭቃው ግድግዳ አልፎ ማዶ የተኛውን ሊያገኝ ይችላል። በብርቱ ልክ የሚመካ ሰው ይህን አብሮ መቍጠር አለበት።

፯. ሕጉ

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይናገራል። በዚህ መሠረት መከላከል የማያስቀጣው ጥቃቱ ወይም ዛቻው ሕገ ወጥና የደረሰ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል ሲሆን፣ መከላከሉም ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። ከልክ ያለፈውን ደግሞ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ይመለከተዋል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይህን አሳብ ይዞ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ደግሞ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ዳኛው የሚመዝነው አስፈላጊነትንና ተመጣጣኝነትን ነው፤ ለሚሊ ሜትር በሕጉ ቦታ አልተሰጠውም። ፈቃድ የሌለው ሰው በዘጠኝም ሆነ በአርባ አምስት አንድ ነው።

፰. መደምደሚያ

ከላይ ያየነውን በአጭሩ እንሰብስብ። የጥይት ልክ በኢትዮጵያ የተመረጠው በአብዛኛው በወደብና በውል፣ በወዳጅ መንግሥትና በገበያ ነው። ብዙ ገንዘብና ምርምር ያፈሰሱትም አገሮች ከመቶ ዓመት ክርክር በኋላ በታወቁት የሽጉጥ ልኮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መሆኑን ተቀብለዋል። ስለዚህ ጓደኞቻችን ለሚያነሡት ጥያቄ የእኛ መልስ በቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሕጋዊ ፈቃድ፣ ቀጥሎ መሣሪያው በትክክል የሚጐርሰው አስተማማኝ ጥይት፣ ከዚያም በልምምድ የተገራ እጅ፤ ልኩ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

ከዚህም ሁሉ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በከምባታና በሐዲያ ምድር ሰው ሽጉጥ ሳይኖረው ደሙንና ድንበሩን የሚያስከብርበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ሴራ የሚባለው የአገር ደንብና የሽማግሌዎች ሸንጎ ጠብን ሳይበረታ ይይዘው ነበር። ጠበንጃ በአንድ ወገን ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ሥርዓት ምን ያህል ጠበቀ፣ ምን ያህልስ ተጐዳ? ይህን በሙዱላና በአካባቢዋ ከሚኖሩ አረጋውያን ቃል እየሰበሰቡ ማጥናት ከልክ ክርክር ይልቅ ለታሪክ ተማሪ የሚገባ ሥራ ነው። አረጋውያኑ ሳያልፉብን ይህን ሥራ የሚጀምር ጓደኛ እንዲገኝ እንመኛለን።