የባሌ ተራሮች ባዶ ነበሩን? ከአንድ ሳምንት የትምህርት ጉዞ የተገኘ እርማት

ታሪክን የምናስተምር መምህራን ብዙውን ጊዜ ትምህርታችንን የምንጀምረው ከነገሥታትና ከጦር ሜዳ ነው። ተራራው፣ ሐይቁና ወንዙ ለጂኦግራፊ መምህሩ የተተዉ ናቸው። ይህ ጸሐፊም ከዚህ ልማድ የተለየ አልነበረም። ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከዕጩ መምህራን ጋር ሆኜ በባሌ ተራሮች ያደረግሁት የአንድ ሳምንት ጉዞ ግን ለዓመታት ሳስተምረው የቆየሁትን አንድ ነገር እንዳርም አስገድዶኛል። ስሕተቱ በእኔ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት ባላስፈለገ ነበር። የማሠልጠኛ አስተማሪ ስሕተት ግን በየትምህርት ቤቱ ይባዛል።

በሰሌዳ ላይ እጽፍ የነበረው እንዲህ የሚል ነው፦ «ከ3,000 ሜትር በላይ ያሉት ተራሮች ብርዳቸው የጸና፣ አየራቸው የሳሳ በመሆኑ የሰው ልጅ ወደ እነርሱ የወጣው እርሻና ከብት ርባታ ከተስፋፋ በኋላ ነው።» ይህ አሳብ በተመራማሪዎችም ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከሻሸመኔ ተነሥተን በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ ገባን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው እዚህ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ለመቋቋሙ ምክንያት ከሆኑት አንዱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ በሳይንስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1910 ብቻ ነው። ወደ ማታ ላይ በኮሶና በጽድ ዛፎች ሥር ሲግጥ አየነው።

በሁለተኛው ቀን የወይብን ወንዝ ሸለቆ ተከትለን ወደ ፊንጫ ሀበራ ተጓዝን። በዚህ ስም የሚጠራ ፏፏቴና የዓለት መጠለያ አለ። የመጠለያው ከፍታ 3,469 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ የቁፋሮ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች በዚህ መጠለያ ይኖሩ ነበር። እሳት አንድደዋል፤ በባሌ ብቻ የሚገኘውን ግዙፉን ፍልፈል እያደኑ ጠብሰው በልተዋል፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩትም ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ሥፍራ ወጥተው አምጥተዋል። በዚያን ጊዜ የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ታዲያ ሰው እንዴት ወደዚህ ወጣ? ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃና በቀላሉ የሚገኘው የፍልፈል ሥጋ ሥፍራውን ለኑሮ አመቺ አድርገውታል። በመሆኑም በሰሌዳ ላይ ስጽፈው የነበረው አሳብ በብዙ አሥር ሺህ ዓመታት የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ወጣን። ስሙ በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው። ጎድጓዳውን የቆፈረው የበረዶው ግግር ሲሆን፣ በረዶው ሲሸሽ ውኃ ሞላው። በሐይቁ ሥር የተነባበረው ደለል ከ15,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በውስጡ የተቀበረው የአበባ ብናኝና ከሰል የአስታ ቁጥቋጦው መቼ እንደተስፋፋና ቃጠሎ መቼ እንደነበረ ይናገራል። ይህ ሐይቅ ፊደል ያልተጻፈበት የታሪክ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሐይቁ ስንመለስ ከብቶቻቸውን ወደ ሆራ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሆራ ከብቱ ለጨውነቱ የሚወደው የማዕድን ምንጭ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ «አባባ፣ እዚህ ፓርክ ውስጥ መቼ መጣችሁ?» ሲል በኦሮምኛ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ፓርኩ መቼ መጣ?» ሲሉ መለሱ። ቀጥለውም አባታቸውና አያታቸው በየወቅቱ ከብት ይዘው ወደዚህ ይወጡ እንደነበረ፣ ሳሩ ሲያልቅም ይወርዱ እንደነበረ አስረዱን። ይህ ወቅታዊ ጉዞ ጎዳንቱ ይባላል። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እኔም አፈርሁ፤ ተራራውን ባዶ አድርጎ እንዲያይ ያስተማርሁት እኔ ነበርሁና።

እርግጥ ነው፣ የዛሬው ከብት አርቢ የዚያ የዋሻ ነዋሪ ቀጥተኛ ተወላጅ ነው ለማለት ማስረጃ የለንም። የኑሮው ዐይነትም ተለውጧል። ወቅታዊው ጉዞ በብዙ ቦታ በቋሚ ሰፈራ እየተተካ፣ እርሻውም ወደ ላይ እየወጣ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሰው እዚህ ይኑር ወይስ አይኑር» ሳይሆን «እንዴት ሲኖር ምድሩ ይጸናል» የሚለው ነው።

በአራተኛው ቀን ከጎባ ተነሥተን በ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋውን የሳነቴን አምባ አቋረጥን። ከጅብራው መካከል ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ አየን። ከአምባው በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። በአምስተኛው ቀን ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ወረድን። ብርዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተረስቶ፣ አስታው ለቀርከሃ፣ ቀርከሃውም ለታላላቅ ዛፎች ቦታውን ለቀቀ። በታችኛው ክፍል ቡና በራሱ በቅሎ ይገኛል፤ ቀፎዎችም በዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። ደኑ ከሰው እጅ ርቆ የኖረ አለመሆኑን እዚህም ተገነዘብን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በስድስተኛው ቀን ወደ ሮቤ ተመልሰን፣ በሰባተኛው ቀን ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሄድን። በፏፏቴው ያየነው ወይብ እዚህ በኖራ ድንጋይ ሥር 15 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ሥፍራው በሶፍ ዑመር ስም የተሰየመ የእስልምና ቅዱስ ቦታ ነው። ባሌ በ14ኛው መቶ ዓመት በአል ዑመሪ መጽሐፍ ከሰባቱ የእስልምና ግዛቶች አንዷ ሆና ተጠቅሳለች። ወንዙም ከዚህ ወርዶ ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል፤ በሶማሊያም ጁባ ተብሎ እስከ ህንድ ውቅያኖስ ይዘልቃል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው፣ ላይኛው ደን ቢመነጠር በታች ባለው ሜዳ የሚኖረው ሕዝብ ከወንዙ አጠገብ ሆኖ ይጠማል።

ውድ መምህራን፣ በተለይም በእኔ እጅ የሠለጠናችሁ፣ ከላይ የተጠቀሰውን ዐረፍተ ነገር ከማስታወሻችሁ እንድትሰርዙ በትሕትና እጠይቃለሁ። በምትኩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «የሰው ልጅ በባሌ ተራሮች ከ40,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ኖሯል።» ተማሪዎቻችሁንም ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ወንዝ ውጡ፤ የወንዙን ስም ትርጉም፣ ከብቱ የሚጠጣበትን ሥፍራ፣ የቀድሞውን የደን ወሰን ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉ። ስትጠይቁ ግን «መቼ መጣችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ።