ካልኬኒያል

ካልኬኒያል በእንግሊዝኛ የሥነ አካል (አናቶሚ) ትምህርት የሚያገለግል ቅጽል ሲሆን ትርጉሙ «የተረከዝ» ወይም «ተረከዝን የሚመለከት» ማለት ነው። በተለይ የሚያመለክተው ካልኬኒየስ የተባለውን የተረከዝ አጥንት ነው። ይህ አጥንት ከቁርጭምጭሚት በታች ካሉት 7 አጥንቶች ትልቁ ነው። በአፋን ኦሮሞ ተረከዝ «ኮሜ» ይባላል። በግዕዝ ደግሞ «ሰኰና» ተረከዝንም ይጨምራል፤ ዛሬ በአማርኛ ሰኮና የምንለው የከብት ስለሆነ፣ በዘፍጥረት 3፥15 ቃሉን ያገኘ አንባቢ ግር ሊለው ይችላል።

የቃሉ ምንጭ

ቅጽሉ የመጣው ከላቲኑ «ካልክስ» (ተረከዝ) ነው። ላቲን በተመሳሳይ ፊደልና ድምፅ የሚጻፍ ሌላ «ካልክስ» አለው፤ እሱ ግን ኖራ ወይም ጠጠር ማለት ነው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1808 እ.ኤ.አ. ለካልሲየም ስም ያወጣለት ከኖራው ነው። «ካልኩሌተር» የሚለው ቃልም የዚሁ የጠጠር ቤተሰብ ነው፤ ጥንት ሰዎች በጠጠር ይቆጥሩ ነበርና። ስለዚህ ካልኬኒያልን ሲያዩ «አጥንት ካልሲየም አለበት፣ ስሙም ከዚያ መጣ» ማለት ስሕተት ነው።

ካልኬኒያል ጅማት

ቃሉ በብዛት የሚገኘው በዚህ ስያሜ ነው። ጅማቱ የባት ጡንቻዎችን ከተረከዝ አጥንት ጋር ያያይዛል፤ ስንሮጥ ተረከዛችንን ከመሬት የሚያነሣው እሱ ነው። በስፖርት ዜና የሚሰማው «የአኪለስ ጅማት» ይኸው ነው፤ ሁለት የተለያዩ ጅማቶች የሉም። የአኪለስን ስም የሰጠው ፍላንደርሳዊው የሥነ አካል ሊቅ ፊሊፕ ፈርሄየን ሲሆን በ1693 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በአፈ ታሪክ መሠረት ግሪካዊው ጀግና አኪለስ ሊጎዳ የሚችለው በተረከዙ ብቻ ነበር። በኋላ ሊቃውንት አካልን በሰው ስም ከመጥራት ይልቅ ቦታውን የሚገልጽ ቃል ስለመረጡ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ካልኬኒያል ገባ። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ካልኬኒያል የተጻፈለት ታካሚ በቃል አኪለስ ሊባል ይችላል።

በአሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚህ ጅማት ጉዳት እየተቸገረ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቅ አገኘ፤ ከዚያም ጅማቱ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ሌሎች አጠቃቀሞች

ቅጽሉ ከስም በፊት ይገባል። ካልኬኒያል ስብራት የተረከዝ አጥንት ስብራት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከከፍታ ወድቀው በእግራቸው ባረፉ ሰዎች ላይ ይታያል። ካልኬኒያል ስፐር ደግሞ ከተረከዝ አጥንት ላይ እንደ እሾህ ሾሎ የሚወጣ ትርፍ አጥንት ነው።