ነውሩ የትኛው ነው?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቴሌቪዥን ከፍቶ ተቀምጧል እንበል። በድራማው ወንድና ሴት ሲተቃቀፉ አባት ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ እናት «ኧረ ቀይሩት!» ትላለች፤ ልጆች ያቀረቅራሉ። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው ምሽት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ስለዚህም «ድሮ ቴሌቪዥን ነውር ያውቅ ነበር» እንላለን። ግን ድሮ ነውር ተብሎ የተሸሸገው ምን ነበር?

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ያኔ በመስኮቱ እንዳይታይ ከተከለከለው ሁሉ ከባዱ የሕዝብ ረሃብ ነበር። በ1965 ዓ.ም የወሎ ሕዝብ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በረሃብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፋፈነ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ አገር ታየ። የእኛ ቴሌቪዥን ግን ያሳየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት ነው። ደርግ የረሃቡን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀናጅቶ አቀረበው፤ በማግስቱ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ።

ታዲያ ደርግስ ከዚህ ተማረ? በመስከረም 1977 ዓ.ም አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ ዳግም ይራብ ነበር፤ የበዓሉ ድምቀት እንዳይደበዝዝ ረሃቡ ወደ ጎን ተደረገ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ቢቢሲ ከኮረም ያመጣውን ምስል ዓለም አየ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ የምንማረው መሸሸግ ሁሉ ሐያእ አለመሆኑን ነው። ሐያእ የራስን ገላና የጎረቤትን ገመና ይሸፍናል፤ የተራበን ሰው ጩኸት ግን አይሸፍንም። ነውር የሆነ ትዕይንት ሲመጣ ጣቢያውን መቀየራችን መልካም ነው፤ ለምን እንደቀየርነውም ለልጆቻችን እንንገራቸው። ዜናው የተራበና የተፈናቀለ ሰው ሲያሳይ ግን «ይኼማ ያስጨንቃል» ብለን አንቀይረው። ልጆቻችን ሪሞቱን መቼ እንደምናነሳ ያያሉ፤ ነውሩ የትኛው እንደሆነ የሚማሩትም ከዚያ ነው።