ቀኑ ምን አጠፋ?

ሰው ሲጎዳ ስናይ «መከራውን አየ» እንላለን። ሲብስበት «ፍዳውን አየ»፣ ከዚያም ሲያልፍ «አበሳውን አየ» ይሆናል። በዛሬው አነጋገራችን ሦስቱም አንድ ናቸው። ወደ ግዕዙ ሥራቸው ሲወርዱ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፍርድ አላቸው።

«መከራ» በግዕዝ ፈተና ነው፤ «አመከረ» ማለት ፈተነ ማለት ነውና። ከ«ምክር» ጋርም ሥሩ አንድ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት በዚሁ ዝምድና ላይ የቆመ ነው። «ፍዳ» የመጣው «ፈደየ» ከሚለው ግስ ሲሆን ትርጉሙ ብድራት፣ የሥራ ዋጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዘመን «ዓመተ ፍዳ» ትለዋለች፤ እኛም ከዓመት ቁጥር ኋላ «ዓ.ም.» ብለን የምንጽፈው፣ ዘመኑ ፍዳው የቀረበት «ዓመተ ምሕረት» ስለሆነ ነው። «አበሳ» ደግሞ ራሱ ኃጢአት ነው። አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ የሚደግም ሰው ይቅር በለን የሚለው አበሳውን ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። አንዱ ቃል ተጎጂውን «እየተፈተነ ነው» ይለዋል፤ ሁለተኛው «ዕዳውን እየከፈለ ነው»፤ ሦስተኛው ጭራሽ «በድሏል»። ጎጂ የሚባል ሰው በነገሩ ውስጥ የለም።

አራተኛም አለ፤ «ክፉ ቀን»። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የወረደው ታላቅ ረሀብ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የከብቱን በሽታ ይዘው የገቡት ኢጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ያስመጧቸው ከብቶች ናቸው። በሬው አለቀ፤ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹ ተከታተሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰዉ አርአያ እስከ መሆን ደረሱ። ሕዝቡ ግን የወቀሰው ቀኑን ነው። በሽታውንማ «ደስታ» ብሎ ጠራው! ያ «ደስታ» በክትባት ተሳድዶ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ቀን ቢሆን ኖሮ በክትባት ይጠፋ ነበር?

በ1965 ዓ.ም. የወሎው ረሀብ ሲመጣ መንግሥት ደበቀው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። እኛ አገር የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የቤተ መንግሥት ድግስ ተቀላቅሎበት ነው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያን ያሳየው ደርግ ራሱ አሥረኛ ዓመቱን በ1977 ዓ.ም. መስከረም በሰልፍና በመብራት ሲያከብር፣ ሰሜኑ በረሀብ ያልቅ ነበር። በወሩ የኮረም መጠለያ ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ለዚህኛው የተመረጠው ስም «ድርቅ» ነበር። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው፤ ጦርነቱስ? ዝምታውስ? ሰማዩን ከሰሱት፤ ሰማይ ደግሞ መልስ አይሰጥም።

ቃላቱን እንጣላቸው ማለቴ አይደለም። ልጇን የቀበረች እናት «መከራ ነው፣ ያልፋል» ብላ የምትጽናናበትን ቃል ማን ይነጥቃታል? «የክፉ ቀን ወዳጅ» የሚለውም ትልቅ ቃል ነው፤ ሰውን ለሰው አድርሷል፣ ስንቱን ጎተራ አስከፍቷል። ለሐዘንተኛ መጽናኛ የሆነው ቃል ግን ለባለሥልጣን መሸሸጊያ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ገበሬው «ፍዳዬ ነው» ቢል ትሕትናው ነው። ሪፖርት ጸሐፊው እንዲያ ሲል ግን ከተጠያቂነት ማምለጡ ነው።

ስለዚህ ወደፊት «ክፉ ቀን መጣ» ሲባል እሺ እንበልና እህሉን፣ ውሃውን ይዘን እንድረስ። ደርሰን ስንመለስ ግን አንድ ጥያቄ አንርሳ፤ ቀኑን ማን አከፋው?