ግዝፈትና ሽክርክሪት፦ የሚዋሐዱ ጥቁር ጉድጓዶች ከየት መጡ?

ከአዳማ በሞጆና በመቂ አልፎ ባቱ (ዝዋይ) ሲደረስ፣ ከሐይቁ በስተምዕራብ ባለው የጋደሞታ ከፍታ ከ276,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ጥቁር ብርጭቆ የመሰለው ይህ ድንጋይ ከየትኛው እሳተ ገሞራ እንደፈለቀ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ያሳብቁበታል። ጥቁር ጉድጓድ ግን እንዲህ ያለ አሻራ የለውም። የተወለደበትን ኮከብ ታሪክ ሁሉ ውጦ በተግባር የሚያስቀረው ግዝፈቱንና ሽክርክሪቱን ብቻ ነው። በእኔ ግምት ስለ ምንጩ ሲጠየቅ ከሁለቱ ይበልጥ የሚታመነው ምስክር ሽክርክሪቱ ነው።

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚገኙት፣ ላይጎ የሚባሉት ሁለት መሣሪያዎች የመጀመሪያውን የስበት ሞገድ ያዙ። ሞገዱን ያስነሱት፣ የተዋሐዱት ጥንድ ጥቁር ጉድጓዶች ግዝፈት 36 እና 29 ፀሐይ ያህል ነበር። ስለ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሁለት ማብራሪያዎች ይፎካከራሉ። አንደኛው መንትያ ሆነው የተወለዱ ግዙፍ ኮከቦች በየተራቸው ወድቀው ወደ ጥቁር ጉድጓድነት ይለወጣሉ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በተጨናነቀ የኮከቦች መንጋ ውስጥ ባዕዳን ሆነው ይገናኛሉ ባይ ነው። መንትዮች በአብዛኛው ከምሕዋራቸው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፤ የባዕዳን አቅጣጫ ግን እንደ ዕድላቸው ነው።

ግንቦት 13 ቀን 2011 ዓ.ም. የተያዘው ሞገድ ክርክሩን አከረረው፤ ጥንዶቹ 85 እና 66 ፀሐይ ይመዝኑ ነበር። በኮከብ ፊዚክስ ስሌት ከ50 እስከ 120 ፀሐይ ገደማ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ በቀጥታ ከኮከብ ሊወለድ አይገባም፤ የዚያ ዓይነት ኮከብ ምንም ሳያስቀር ይበታተናልና። ስለዚህ ትልቁ ራሱ የቀድሞ ውሕደት ልጅ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ላይ፣ ካርቦን ወደ ኦክስጅን የሚለወጥበት ፍጥነት በትክክል ስላልተለካ ወሰኑ ሊንቀሳቀስ ይችላል የሚል ተቃውሞ አለ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሆኖም የሚነካው ግዝፈትን ብቻ ነው። ከውሕደት የተወለደ ጥቁር ጉድጓድ ከከፍተኛው የሽክርክሪት ልክ 0.7 ገደማ ይዞ ይወጣል፤ ይህ ቁጥር ከስበት ሕግ የሚወጣ እንጂ በኮከብ ማዕድ ቤት የሚበስል አይደለም። ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የተያዙት፣ 137 እና 103 ፀሐይ ገደማ የሚመዝኑት ጥንዶችም በጣም በፍጥነት የሚሽከረከሩ ነበሩ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ እንደሚመታ፣ ሞገዱ ወደ አንድ ወገን ሲያደላ አዲሱ ጥቁር ጉድጓድ በሰከንድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊወረወር ይችላል። የተለመደው የኮከቦች መንጋ ደግሞ በሰከንድ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በላይ የሚሮጠውን አያስቀርም። ስለዚህ ለተደጋጋሚ ውሕደት ይበልጥ የሚመቸው ስበቱ የበረታ የጋላክሲ እምብርት ነው። የ2008ቱ ጥንድ ግን በምሕዋሩ አቅጣጫ የሚለካው ሽክርክሪቱ ዜሮ አካባቢ በመሆኑ ለሁለቱም ማብራሪያዎች ይስማማል።