«ማን ይበረታል?» የሚለው የመጋላ ክርክር

መጋላ ውስጥ ፀሐዩ በረድ ሲል ከሚነሱት ክርክሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ከዩኒቨርሲቲ ልጆች ማን ይበረታል? የእግር ኳሱ፣ የመረብ ኳሱ ወይስ የእጅ ኳሱ ቡድን? ድሬ ያደገው ወይስ ከደጋ የመጣው? እኔ ቀድሜ የምጠይቀው «በምን ተለክቶ?» ብዬ ነው።

መለኪያዎቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቆሞ ወደ ላይ መዝለልን የኃይል መለኪያ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1921 የጻፈው የሃርቫርዱ ዱድሊ ሳርጀንት ነው። በ12 ደቂቃ የተሮጠን ርቀት የሚለካው ፈተና በ1968 የመጣው ከኬኔት ኩፐር ነው። ሰውዬው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነበር፤ ያስሮጣቸውም ወታደሮችን እንጂ ኳስ ተጫዋቾችን አልነበረም። ካናዳዊው ሉክ ሌዤ ደግሞ በ1982 በድምፅ ምልክት እየፈጠኑ 20 ሜትር መመላለስን ጨመረበት።

እንግዲህ የመረብ ኳስ ልጅ በኩፐር ሲለካ ሰነፍ ይመስላል፤ የእግር ኳሱ አማካይ በሳርጀንት ሲለካ እንደዚያው። አቦ፣ መረብ ሥር 12 ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚሮጥ ማን አለ?

ቦታውም አለ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ያው ልጅ በ12 ደቂቃ የሚሸፍነው ርቀት ያጥራል። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ፦ ሰውነት ለመቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የሁለቱን ከተሞች ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ «እነዚህ ይበልጣሉ» ማለት እንዴት ይሆናል?

«ደጋ ያደገ ሳንባ ሁሌ ያሸንፋል» ለሚሉኝ የምጠራው ጥጥ ማኅበርን ነው። የድሬዳዋው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1960፣ 1962፣ 1963 እና 1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል።

በ1968 ዓ.ም. (የኩፐር ሳይሆን የኛው 1968) የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ተደረገ። ሞሮኮ ምድቧን የተጫወተችው እዚሁ ድሬ፣ ጊኒ አዲስ አበባ ነበር። እዚሁ ድሬ፣ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ተሰናበተች። በመጨረሻው ቀን ሞሮኮና ጊኒ አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። ጊኒ ቀድማ አገባች። ሞሮኮ ዋንጫውን ለመውሰድ አቻ ይበቃት ነበርና ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሳንባ ሁሉ በሚቃጠልበት ሰዓት፣ አቻ አደረገች። በቆላው የሰነበተው ቡድን ደጋው ላይ ዋንጫ አነሳ። ይሄን የትኛው ፈተና ቀድሞ ይነግረን ነበር?

ክርክሩ ቀልድ የማይሆነው ቡድን ሲመረጥ ነው። በአንዲት የኩፐር ቁጥር ስሙ የሚሰረዝ ልጅ አለ። ማለዳ 12 ሰዓት ነው የሮጠው ወይስ ረፋድ 5 ሰዓት? በረኛ ነው ወይስ ተመላላሽ? ወረቀቱ ላይ ይሄ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ሜትሩ ብቻ ነው።